የሊቀ ማንዶሊን ሆባርት ምት

በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ሰፈር ተሳስቶ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለአንዳንዱ ሰፈር ዳኛው ነው፣ ለአንዳንዱ የትራክተር መካኒኩ። ለእኛ ተራራ የደረሰን ሊቀ ማንዶሊን ሆባርት ኪልጎር ነው። ማዕረጉን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቡ ቆሜ ጊታር ስጫወት ኖሬ ይህን ያህል እንኳ ባላከብረው ነውር ነው።

ብሉግራስ የሚባለውን የተራራ አገር የክር ሙዚቃ ነው የምንጫወተው፤ ከበሮ የለንም። እኔ ወፍራሙን ክር ስነካ እሱ ትንሽ ጊታር በሚመስለው ማንዶሊኑ በየመሃሉ «ቸክ» ያደርጋል፤ ከበሯችን እሷ ናት። ሆባርት ግን ዓለምም የምትዞረው በእሷ ይመስለዋል። ምት ከተበላሸ ጥፋተኛውን ለመፈለግ አይደክምም።

«ቸኮልክ፣ ዴልማር» ይለኛል።

አንዳንድ ቀን ጊታሬን ከሳጥኑ ሳላወጣ ነው የሚጀምረው፤ ዛሬ እንደምቸኩል ከፊቴ ያውቃል። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ የባቄላና የበቆሎ ዳቦ ግብዣ ላይ፣ ሕዝቡ ደስ ብሎት ሲያጨበጭብ ዘፈኑን አስቁሞ አጨብጫቢዎቹን ገሠጸ። ፓስተሩንም አልማራቸውም። በእህቴ ልጅ ሰርግ ሙሽራዋ ከምቱ ቀድማ ተራመደች ብሎ ወደ በሩ መልሶ እንደገና አስገባት። ትዳሩ እስከ ዛሬ የጸናው በዚያ ነው ይላል። ማይክም ለሁለታችን አንድ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ወጉ ተራው የደረሰ ሲጠጋ ሌላው ፈቀቅ እንዲል ነው፤ እሱም ፈቀቅ ይላል፣ ግን በእኔ እግር ላይ።

እኔም አልተኛሁለትም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን «አዎ፣ ቸኮልኩ» ብዬ አላውቅም፤ አልቸኮልኩማ። ሚስቴ ነፍሷን ይማረውና፣ አንዴ እሺ ብዬው ሁላችንም እንድናርፍ ለምናኝ ነበር። እምቢ እንዳልኳት ሞተች።

ባለፈው መስከረም የሆባርት ጉልበት ደረጃ አልወጣም ሲል፣ ልጁ ቨርና መጥታ ኦሃዮ ወደሚገኘው ቤቷ ወሰደችው። ቅዳሜ ቅዳሜ በምንጫወትበት የመደብሩ በረንዳ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ከልማዳቸው ለእሱ «ቸክ» ቦታ እየተዉ ሄዱ፤ ቦታውን የሚሞላ አልነበረም። ሰዉ በጨዋነት አጨበጨበ። ቤቴ ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ብቸኝነትን ጨርሼ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገና ነበር።

በሳምንቱ ሆባርት በስልክ እንጫወት አለ። ስልክ ደግሞ ድምፁን ትንሽ አዘግይቶ ነው የሚያደርሰው። የእሱ «ቸክ» እኔ ጋ አርፍዶ ይመጣል፣ የእኔ ጊታር እሱ ጋ አርፍዶ ይደርሳል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዘፈኑ መሃል ላይ ተበታተነ። ሁለተኛ ሞከርን፤ ተበታተነ። ሦስተኛም እንደዚያው። ስድቤን ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

«ዴልማር» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤ «እጄ ነው እንዴ?»

«ስልኩ ነው አንተ ሰው፤ እያዘገየው ነው።»

«ተወው፣ አታጽናናኝ። ሰማሁት እኮ። ማንዶሊኑን ቨርና ለቤተ ክርስቲያኑ ትስጠው፤ የሚጫወትበት ልጅ አይጠፋም።»

ማንዶሊኑን ሳጥኑ ውስጥ ሲያስተኛው ይሰማኛል። እውነቱን ነግሬው አላመነኝም። እንዴት ብዬ እንደማሳምነው ሳስብ፣ ያ ሰው በሕይወቱ ያለማስረጃ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ እንዳለ ታወሰኝ።

«ሆባርት» አልኩ፤ «ቸኮልኩ።»



«ምን አልክ?»

«ቸኮልኩብህ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

የሳጥኑ መቆለፊያ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስላወረደብኝ ነገር ባላወራ ይሻላል፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ጥፋቴን ከነቀኑ ቆጠረልኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን። ዘዴውን አግኝቼዋለሁ፦ እሱን አልጠብቅም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ምንም እንዳልሰማሁ፣ ወደፊት እነዳለሁ። እሱ ጊታሩን ሲሰማ በላዩ ላይ ይመታል። ኦሃዮ ላይ ዘፈኑ ሙሉ ነው፤ ቨርና ልክ እንደ ድሮው ነው ብላኛለች።

እኔ ጋ የሚደርሰው የተበላሸው ነው። እያንዳንዷ «ቸክ» ቦታዋን ስታ፣ አርፍዳ ትመጣለች። ትምጣ ብቻ።