የሙሴ ኦክታቭ የመጨረሻ ካራፋ

በየክሪስታል ፋብሪካው፣ ብርጭቆ ለእርሳስ የሚታዘዝ የሚመስለው አንድ ንድፍ አውጪ አይጠፋም። ለእኛ ለሎሬን አገር ሰዎች የደረሱን ክቡር ሙሴ ኦክታቭ ቱቭናን ነበሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እሳቸው ሲስሉ እኛ ምድጃው ሥር ስንጠበስ ኖረናል።

ብርጭቆ ነፊዎቹ፣ ይህ የዋንጫ እግር በዚህ ቅጥነት አይቆምም ቢሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ብርጭቆው ይልመደው።» እኔ ብርጭቆ ላይ መስመር ቀራጺ ነኝ። አንዴ ባንድ ዋንጫ ላይ መቶ አርባ አራት ሰያፍ መስመር አስቀርጸውኝ ሲያበቁ፣ አንዱ በፀጉር ስፋት ዘሟል ብለው እፊቴ ሰበሩት። በሠርጌ ቀን እንኳ ሙሽራይቱን ትተው፣ የጠረጴዛውን ብርጭቆ ሁሉ ወደ መስኮቱ እያነሱ አረፋ ሲፈልጉ ዋሉ። ሚስቴ እስካሁን አልተወችላቸውም።

ጡረታ በሚወጡበት ዓመት የወይን መቅጃ ካራፋ ነደፉ፤ ታቹ እንደ ዱባ የወፈረ፣ አንገቱ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ። ቀጭኑ ቶሎ፣ ወፍራሙ ቀስ ብሎ እንደሚቀዘቅዝ የምድጃ ቤቱ ድመት እንኳ ያውቃል። ዘጠኝ ተነፋ፤ ዘጠኙም ቀስ እያለ በሚያበርደው ምድጃ ውስጥ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ሥራ አስኪያጃችን፣ እስከ ዓርብ አንድ ደህና ካልወጣ ካራፋው ከካታሎጉ ይሰረዛል አሉ። ሙሴ ኦክታቭ ያን ሰሞን ምሳ እንኳ አልበሉም። የመሰናበቻ ሥራቸው ነበር።

ዐሥረኛው ካራፋ ዓርብ ጠዋት ደህና ወጣ። ዋናው ነፊ ጀርቬ ግን ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ ሳይነግራቸው አንገቱን በሁለት ሚሊሜትር እንዳወፈረው ሹክ አለኝ።

ሙሴ ኦክታቭ ካራፋውን አነሱ። አውራ ጣታቸው አንገቱ ላይ ቆመ። መለኪያ እንኳ አላወጡም።

«ጀርቬ፣ አውፍረኸዋል።»

«አዎ፣ ሙሴ። ብርጭቆው አልለምድም አለኝ።»

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጃችን ገቡና፣ እንደ ንድፉ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ የስባሪ መጣያውን በዓይኔ ፈለግሁ።

«ልክ እንደ ንድፉ ነው» አሉ ሙሴ ኦክታቭ፤ ካራፋውን አስረክበውም ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ተከትያቸው ብገባ፣ በላጲስ የወረቀቱን አንገት አጥፍተው ሁለት ሚሊሜትር አውፍረው እየሳሉ ነው። ሲጨርሱ ከስማቸው ጎን የጀርቬን ስም ጻፉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ሥራ ፈት ብለው አባረሩኝ።

ካራፋው ዛሬም ይነፋል፤ መስመሩን የምቀርጸው እኔ ነኝ። እሳቸውን ማማት የኔ ፋንታ ነው። ሌላ ሰው ሲያማቸው ግን የመቅረጫ ማሽኔን አጥፍቼ ላስቆመው እነሳለሁ።