ክቡር አይሆንም እና ጥላ ያጣው ብረት

በዚህ ዓለም ያለ «አይሆንም» ባይ የቆመ መሥሪያ ቤት የለም። እናንተ በር ላይ ወይም ሒሳብ ክፍል ታገኟቸው ይሆናል፤ የእኛው ግን ፊዚክስ ተምረው፣ ዶክትሬታቸውን ጭነው ነው የመጡብን። በሌሉበት «ክቡር አይሆንም» እንላቸዋለን። ለልደታቸው ኬክ ብንገዛ፣ ሻማው አይበራም ብለው የተከራከሩ ሰው ናቸው።

የምንሠራው ብረትን ከማይክሮዌቭ ሞገድ የሚሰውር ካባ ነው። ካባ ስላችሁ ጨርቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጥቃቅን የመዳብ ቀለበቶች የታተሙባቸው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካኩ ክቦች ናቸው። ወንዝ ድንጋይን ዞሮ እንደሚገጥም ሁሉ ሞገዱም ብረቱን ዞሮ ከጀርባው ይገጥማል። ካባው ከሌለ ግን ብረቱ ሞገዱን ይጋርደውና ከጀርባው ጥላ ይወድቃል።

«በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ ብቻ! ያውም ከነጥላው!» ይላሉ ክቡርነታቸው።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ውጤቱ ካላማረ ክፍላችን የዕቃ መጋዘን ሊሆን፣ እኛም ልንበተን ነው። ገምጋሚዎቹ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አለቃችን የመለኪያውን ቁልፍ ተጫነች። ሞገዶቹ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብለው አለፉ፤ የጥላ ዘር የለም። ጭብጨባ ሊጀመር ነው።

«አይሆንም!»

ክቡርነታቸው ወደ መለኪያው ተጠጉ።

«ዶክተር፣ በእናትዎ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉን» አለች አለቃችን በሹክሹክታ።

«መዳቡ ጥቂት ሞገድ መብላቱ አይቀርም፤ የግድ ትንሽ ጥላ ይኖራል። ይሄ ከመጠን በላይ አምሯል!» አሉና የመለኪያውን የላይኛውን ሰሌዳ እንደ ክዳን ብድግ አደረጉት።

ባዶ! ካባም የለ፣ ብረትም የለ። አለቃችን ለእንግዶቹ ክብር ብላ ጠዋት አቧራ ልትጠርግ አውጥታቸው፣ ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ እንደተሸፈኑ ረስታቸዋለች። የሌለ ነገር በሚገባ ሰውረን ልንሸለም ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዋናዋ ገምጋሚ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ አመራች። ክቡር አይሆንም ቀድመዋት በሩ ላይ ተገተሩ።

«ይቀመጡ እንጂ! ገና መቼ ለካን?»

መጀመሪያ ብረቱን ብቻውን አስገቡት፤ ከጀርባው ድቅድቅ ያለ ጥላ ወደቀ። ቀጥለው ካባውን አለበሱት። ጥላው ሳሳ፣ ሳሳ፣ ፈዘዝ ያለች ቅሪት ብቻ ቀረች። ገምጋሚዋ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ቅሪቷን በጣቷ ተከተለቻት።

«አሁን አመንኳችሁ» አለች።

ክፍሉም እኛም ተረፍን።

ባለፈው ሰሞን ክቡርነታቸው ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። እሳቸው በሌሉበት የለካነው ሁሉ አማረ፤ ማናችንም ግን አንዲት ቁጥር ማመን አልቻልንም። እውነቱን ልናገር፣ ናፈቁን። ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን፤ ውጤቱን አልጋቸው ላይ ዘረጋንና እስኪቆጡን ድረስ ጠበቅን።