ሰላምታ የበላው ፎቶ

የመንዝ ሰላምታ ረጅም ነው። ረጅም ስላችሁ፣ ከተማ ውስጥ «ሰላም ነው?» ተብሎ መልሱ ሳይሰማ የሚታለፈውን ዓይነት አስባችሁ «ትንሽ ረዘም ቢል ነው» እንዳትሉኝ። እዚህ ሰላምታ ይጀመራል፣ ይሞቃል፣ ያርፋል፣ አረፍ ብሎም እንደገና ይነሳል። ስለ ጤና ይጠየቃል፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ ይጠየቃል። አለቀ ብላችሁ እግራችሁን ስታነሱ «ደግሞስ እንዴት ነህ?» ይከተላል። ሰላምታ የእግዜር ነውና የሚያቋርጠው የለም። እኔም አላቋርጥም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ውርጩንም ጨምሮ በዚህ ደጋ እንደ ሰላምታ የጎዳኝ ነገር የለም።

ፎቶ አንሺ ነኛ። እንጀራዬ የታሪክ መምህርነት ነው፤ ከመርሐቤቴ ቆላ ተመድቤ እዚህ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ የመጣሁትም ለማስተማር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ምንድን ነህ ብሎ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሰኝ «ፎቶ አንሺ» የምል ይመስለኛል። ጉርድ ፎቶ አላነሳም። ሠርግም አላነሳም። እኔ የማነሳው መንገድ ላይ ያለ ሰው መንገድ ላይ እንዳለ ነው፤ ሳይዘጋጅ፣ ሳይቆም፣ እኔ መኖሬንም ሳያውቅ። ይኼን ለባልደረቦቼ ሳስረዳ «እና ለምንህ ነው?» ይሉኛል። ለምኔም አይደለም። ሰው በገዛ ሐሳቡ ውስጥ ሲሆን ፊቱ ላይ የሚመጣ ነገር አለ፤ እሱን ማየት እወዳለሁ። ይኼው ነው።

እወዳለሁ ስል ደግሞ በዋዛ አይደለም። ጠዋት ከክፍል በፊት ወፍጮ ቤቱ ጥግ እቆማለሁ። ምሳ ሰዓት መኪና መናኸሪያው ጋ እወርዳለሁ። ከሰዓት ደግሞ በጎች የሚሸጡበትን ሜዳ እዞራለሁ። ብርዱ ባትሪውን ስለሚገድልብኝ ትርፉን ባትሪ ብብቴ ውስጥ እንደ እንቁላል ታቅፌው እዞራለሁ። ጉሙ ሌንሱን ሲያለብሰው በሸሚዜ ጫፍ እጠርጋለሁ፤ ያለብሰዋል፤ እጠርጋለሁ። ዝናብም ቢሆን እወጣለሁ፣ ጉንፋንም ቢይዘኝ እወጣለሁ። ሳላነሳ የዋልኩ ቀን የበላሁት አይረጋልኝም።

እንግዲህ አስቡት። ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ከራሳቸው ጋር እያወሩ በጉም ውስጥ ብቅ ይላሉ። እንዴት ያለ ፎቶ መሰላችሁ። ካሜራዬን ቀና ሳደርግ ያዩኛል። በትሩ ከትከሻ ይወርዳል፣ ባርኔጣው ይነሳል፣ ወገቡ ጎንበስ ይላል፤ «እንደምን አደርክ መምህር?» ከዚያ በኋላ ገብሱ አለ፣ ከብቱ አለ። ስንጨርስ ጉሙም ተነስቷል፣ እኔም ለክፍል ዘግይቻለሁ። ካሜራዬን ብትከፍቱት ሰላምታ የሚሰጡ ሰዎች ሞልተውበታል። አገር ሙሉ ወደ እኔ እየሰገደ ነው። የማያውቀኝ ሰው ይህን ፎቶ ቢያይ ትልቅ ሹም እመስለዋለሁ።

ከሁሉ ያቃጠሉኝ ግን እማማ ደብሪቱ ናቸው። ከጓሳው አፋፍ፣ ከከተማው ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር፣ በገበያ ቀን የታጠበ የበግ ጠጉር ተሸክመው ይመጣሉ፤ ባና የሚባለውን የጠጉር ልብስ ለሚሠሩት ሸማኔዎች ይሸጣሉ። ገዢ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያወጣሉ። በሁለት ጣት አሽከርክረው ሲለቁት እንዝርቱ ይንጠለጠላል፣ ይዞራል፣ ክሩ ይረዝማል፤ እሳቸው ግን አያዩትም። ዓይናቸው ሌላ ዓለም ነው። ይህችን አንዲት ፎቶ ሦስት ዓመት ፈለግኳት። በፊት ለፊት ሄድኩ፣ ከኋላ መጣሁ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም በበሬ ተከልዬ ተጠጋሁ። ሁሌም ያዩኛል። ሲያዩኝ እንዝርቱ ብብታቸው ውስጥ ይገባል፤ ትልቅ ሰው በአንድ እጁ ሰላም አይልማ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «መጣህልኝ ልጄ?» ይላሉ። በዚህ ላይ የሚቆጣ አንጀት ያለው ይቆጣ።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ክፉ ወሬ ነገሩኝ። ወገባቸውን ብርዱ ስለጎዳው ልጃቸው ደብረ ብርሃን ልትወስዳቸው ነው። ብርድ ሸሽቶ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ግን የእናትና የልጅ ነገር ነው፣ ምን አገባኝ። የገባኝ ነገር ቢኖር የሚቀጥለው ገበያ የመጨረሻቸው መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዘመሮ ውስጥ ያ እንዝርት አይዞርም። እኔም ወይ አሁን አነሳዋለሁ፣ ወይ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል።

እንቅልፍ አጥቼ ዘዴ ፈጠርኩ። የሚያበላሸው ሰላምታው ነው፤ ሰላምታውን ደግሞ ማስቀረት አይቻልም። ማስቀደም ግን ይቻላል። ገበያ ሳይደርሱ፣ መንገድ ላይ አግኝቻቸው፣ ጤናውንም ከብቱንም ጠይቀን ብንጨርስ፣ ገበያ ላይ ሲያዩኝ «ቅድም ተገናኝተናል» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እኔም እንደ ልቤ አነሳለሁ። ዘዴው በጣም አስደሰተኝ። በገበያው ቀን ጎህ ሲቀድ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ።

ከከተማው ርቄ አገኘኋቸው። ጠጉሩን በጀርባቸው አዝለው፣ የሸክሙን ገመድ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጎንበስ ብለው ይመጣሉ። ሰላምታችንን ጀመርን። እንደዚያ ቀን ሰላምታ ጠግቤ አላውቅም፤ አንድም አላስቀረሁም፤ የአማቻቸውን በቅሎ ሳይቀር ጠየቅኩ። ሲያልቅ ጉዳዬ አለቀ ብዬ ልሰናበት ስል አንድ ያላሰብኩት ነገር ትዝ አለኝ። ወዴት ነው የምሰናበተው? የምንሄደው ወደ አንድ አገር ነው። አሮጊት ሸክም አዝላ ከኋላ እየመጣች ባዶ እጁን ቀድሞ የሚሄድ ጎረምሳ በየትኛው አገር አለ?

«ያምጡት፣ እኔ ልያዝልዎት» አልኳቸው።

«ተው ልጄ፣ መምህር እንዴት ተሸክሞ ገበያ ይገባል?»

«ግድ የለም፣ ያምጡት።»

ጠጉር ቀላል የሚመስለው ያልተሸከመ ሰው ነው። ጫንቃዬ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩት። መንገድ ጀመርን። እማማ ደብሪቱ ጥቂት እንደሄዱ እጃቸው ባዶ መሆኑን አወቁ መሰለኝ፤ መቀነታቸው ውስጥ እጃቸውን ሰደው እንዝርታቸውን አወጡ።

ወገኖቼ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ጠዋት ነው። ጉሙ ከሥራችን እየተነሳ ነው። ፀሐይዋ ከጎን ትመጣለች። እሳቸው እየተራመዱ ይፈትላሉ፤ እንዝርቱ ይወርዳል፣ ይሾራል፣ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይወርዳል። ስለ አማቻቸው ያወራሉ፤ እኔን ከቁብም አልቆጠሩኝ። ሦስት ዓመት የፈለግኩት ነገር ከክርኔ አጠገብ አለ። ካሜራዬም ደረቴ ላይ አለ። እጄ ብቻ የለም።

ሸክሙን በአንድ እጅ ለመያዝ ሞከርኩ፤ ተንሸራተተ። «ትንሽ እንረፍ» ብዬ አወረድኩት። ሳወርደው እንዝርቱ ቆመ። «ደከመህ? በል አምጣው፣ በቃህ» ብለው ገመዱን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። ዘልዬ መልሼ ተሸከምኩ። እንዝርቱ መዞር ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሕጉ ገባኝ፤ እኔ ስሸከም እሳቸው ይፈትላሉ፣ እኔ ሳወርድ ያቆማሉ። እስኪ ይፍተሉልኝ ላንሳዎት ማለት አይቻልም ወይ ትሉኛላችሁ። ይቻላል። ከዚህ በፊት አንድ የገበያ ቀን ብዬ ነበር፤ እንዝርቱን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቆሙልኝ። እና ዝም ብዬ ተሸክሜ ሄድኩ። ቢያንስ ዓይኔ ይየው ብዬ አንገቴን ወደ ጎን አጣምሜ፣ አፌን ከፍቼ፣ እያየሁ ሄድኩ።

ከተማው መግቢያ ላይ ታደሰ የሚባል የፊዚክስ መምህር ባልደረባዬ ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ ይስቃል። ስልኩን በእጁ ይዟል።

«ና እይ» አለኝ፤ «ጓደኞቻችንን ላስቃቸው ብዬ አነሳኋችሁ።»

ስልኩን ፊቴ ላይ ያዘልኝ፤ እጄ ስለተያዘ። አየሁት። እንዝርቱ አየር ላይ ነው። ክሩ በነጩ ጉም ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ቀጥ ብሏል። የእማማ ደብሪቱ ጣቶች አሁን የለቀቁት መሆናቸው ያስታውቃል። ፊታቸው በገዛ ሐሳባቸው ውስጥ ነው። ምንም የሚጨመር፣ ምንም የሚቀነስ የለውም። በዕድሜው ጣቱን ሌንስ ላይ ሳያደርግ አንድ ፎቶ አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ ለቀልድ ብሎ፣ አነሳው። ቀናሁ። የሰው ሀብት እንደዚያ አስቀንቶኝ አያውቅም።

«እስቲ እኔም ልየው» አሉ እማማ ደብሪቱ።

ስልኩን ተቀብለው አቀረቡት፤ አራቁት፤ ፀሐዩን በነጠላቸው ጋረዱበት። ፎቶው የኔ ባይሆንም፣ እጃቸውን እንዲያዩት ፈለግኩ። ያ ሁሉ ጊዜ ምን እያሳደድኩ እንደነበር አሁን ያዩታል፣ ይገባቸዋል አልኩ።

«እንዝርቱን አዩት?» አልኳቸው።

«እሱንማ ምን አየዋለሁ፣ አውቀው የለም እንዴ» አሉ። ዓይናቸው ከስልኩ ጥግ አልተነሳም። እዚያ ጥግ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አንገቴ ተጣሞ፣ አፌ ተከፍቶ፣ ከሸክሙ ሥር። «ጎብጠህ የለም ወይ ልጄ። ከብዶህ ኖሯል። ምነው ብትነግረኝ?»

«አይ፣ አልከበደኝም።»

ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። ስልኩን ለታደሰ መለሱለት። ወሬ ይዤ ቆሜ ሸክሙን እስከዚያ ድረስ እንዳላወረድኩ ያወቅኩት ያኔ ነው። እማማ ደብሪቱ እንዝርታቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ተጠግተው፣ ጠጉሩን ከጫንቃዬ ላይ ተቀበሉኝ። በመጨረሻም ሁለት እጄ ነፃ ወጣ፤ የእሳቸው ሁለት እጅ ተያዘ።