ዶክተር ቁንጥርና የእናቴ አደንጓሬ

በዚህ ዓለም ላይ ምንም ነገር መጣል የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። አንዱ አሮጌ ጋዜጣ ያከማቻል፣ ሌላው እግሩ የተሰበረ ወንበር። ለእኛ ሕንፃ የደረሰው ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ ዘር የሚሰበስብ። የእህል ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ የሰውም ጭምር ነው እንጂ።

ክቡርነታቸው የዘረመል ተመራማሪ ናቸው። በራቸው ላይ ማዕረጋቸው በሁለት መስመር ተጽፏል፤ እኛ ግን «ዶክተር ቁንጥር» እንላቸዋለን። ጨዋታቸው ከየትም ቢነሳ የሚያርፈው «እስቲ ቁንጥር ታህል ብቻ» ላይ ነዋ። አትክልት ቤት ሲገቡ ሻጯ ግንባሯን ትይዛለች። ሌላው ለስላሳውን ቲማቲም ሲመርጥ፣ እሳቸው ከሥር ፈልፍለው ጎባጣውንና ዝንጉርጉሩን ያወጣሉ።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ ለከብት ነው» ትላቸዋለች።

«የኔ እመቤት፣ ቆንጆው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ደግሞ አንድ ቀን በአንድ በሽታ ያልቃል።»

ባለቤታቸው መድኃኒት ቤት ይሠራሉ፤ ትዕግሥታቸውንም ከዚያው የሚያመጡት ይመስለኛል። አንድ ቀን ማቀዝቀዣቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ከላይ እስከ ታች ቁጥር የተጻፈበት ፖስታ ነው፤ ወተቱ ጥግ ላይ ኪራይ እንዳልከፈለ ተከራይ ተሸማቅቆ ቆሟል። «ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር» አሉኝ፣ «ለካ ጎተራ ኖሯል።»

ዶክተሩ ከሰው የሚፈልጉት ዘረመል ያለበትን ምራቅ ነው፣ በትንሽ ቱቦ። ከመትፋትህ በፊት ግን ሦስት ገጽ የፈቃድ ቅጽ ቃል በቃል ያነቡልሃል። እኔ እንኳ ያገባሁት በአንድ ገጽ ነው። ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት የሕንፃው ባለቤት ቱቦውን በኩራት ሞልተው «የንጹሕነቴ ወረቀት መቼ ይደርሳል?» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ናሙናው በቁጥር እንጂ በስም አይቀመጥም፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ንጹሕ የሚባል ግን እስካሁን አንድም አላገኘሁም። ሰው ከሰው የሚለይበት አብዛኛው ነገር ደግሞ በዘርና በዘር መካከል ሳይሆን እዚሁ ደረጃ ላይ በምንተላለፈው መካከል ያለ ነው።»

ዶክተሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ተነፈጉ።

እኔ ስድስት ዓመት አልተፋሁላቸውም። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነኝና «የእኔ ምራቅ ለቴምብር ተመድቧል» እያልኩ አመልጣለሁ። አንዴ ብቻ፣ እንዲተዉኝ ብዬ፣ ከእናቴ ጣሳ አደንጓሬ ዘግኜ መዳፋቸው ላይ አራገፍኩ። «ይኸው የቤተሰባችን ዘር። ፈቃዱንም ያንብቡለት» አልኳቸው። ከምር አመሰገኑኝ።

ያ አደንጓሬ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ነው። እናቴ ከእናቷ ወርሳው ከሕንፃው ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ትዘራዋለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ታወራለች። ዘንድሮ ዋግ ገባበትና በሳምንት ውስጥ ቅጠሉ እንደ አሮጌ ምስማር ዛገ። ለዘር ያስቀረችውን ጣሳ ስንከፍት ደግሞ ነቀዝ ዱቄት አድርጎታል።

ባዶውን ጣሳ ታቅፋ ተቀመጠች። «በእኔ እጅ ይጥፋ?» አለች።

«ሌላ እገዛልሻለሁ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ሌላ እናትም ጨምረህ ግዛ።»

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ኩራቴን ደረጃው ላይ ትቼ የዶክተሩን በር አንኳኳሁ። ተንተባትቤ ሳልጨርስ ማቀዝቀዣው ውስጥ እስከ ትከሻቸው ገቡ።

«ከእንቁላሉ ጀርባ ነው» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ፣ «አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባት።»

ፖስታው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቡራቡሬ አደንጓሬ። ከሦስተኛ ፎቅ እማማ። ልጃቸው እያሾፈ የሰጠኝ።»

«ዶክተር፣ የመጨረሻውን መጻፍ ያስፈልግ ነበር?»

«የተገኘበት ሁኔታ ይመዘገባል፣ ወንድሜ። ደንብ ነው።» ሃያ ፍሬ ሰጡኝና የቀረውን ወደ ቦታው መለሱ። «እንግዲህ ለእማማ ሲደርስላቸው...»

«አውቃለሁ» አልኳቸው፣ «ቁንጥር ታህል።»

እናቴ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው። «ልጆቼ» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ከዚያ የሚበላ ነገር ጠየቀች።

በማግስቱ ጠዋት ቱቦ ይስጡኝ ብዬ ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ሦስቱንም ገጽ ሳላቋርጥ ሰማሁ። ፈረምኩ፣ ተፋሁ። ቱቦውን ፖስታ ውስጥ ከተው ቁጥር ሰጡት፤ እንደ ደንባቸው ስም የለበትም። ከቁጥሩ ሥር ግን፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው፣ በትንንሽ ፊደል ጻፉ፦

«ሳያሾፍ የሰጠኝ።»