ፓምፑን ያልነካ

ክልላችን ክልል በሆነ በሦስተኛው ዓመት የውሃ ኃላፊ የተመረጠው በፍጹም ግልጽነት ነው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ በሪሁን ስለሆንኩ ሌላ ምስክር አያሻም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ዕጩው አዳራሹ ፊት ይቆማል፣ ተሰብሳቢው ጥፋቱን ይናገራል፣ ጥፋቱ ያነሰው ይሾማል። ምን እንደሠራ የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ ስላልነበረ ጊዜ አናባክንም።

መጀመሪያ የቆመው ኦጆት ነው። ከባሮ ውሃ ስቦ ጋምቤላን የሚያጠጣውን ፓምፕ አሥራ አንድ ዓመት የጠገነ ሰው ነው። ሹመቱን የፈለገው የመለዋወጫ መጠየቂያ ላይ መፈረም የሚችለው ኃላፊው ብቻ ስለሆነ ነበር። ፓምፑ በጎማ ቁራጭና በሲባጎ ታስሮ ነው የሚሠራው።

«እስቲ ጥፋትህን ተናገር» አሉት ሰብሳቢው አቶ ልዑልቃል።

«ባለፈው ክረምት ፓምፑ ቆመ። ኃላፊ የለም። ፈታሁት፣ ሠራሁት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ሰው ውሃ ጠማው።»

«ጥማት ደብዳቤ ይጽፋል?»

ከዚያ እጅ በየተራ ወጣ። አንዱ ሰፈሩ ውሃ የደረሰው ከጎረቤት ሰፈር በኋላ መሆኑን ተናገረ። የአንዷን በቆሎ ቧንቧ ሲቀብር ረግጦባታል። ሁለት ገጽ ሞላሁ። «ያለ ትእዛዝ ውሃ መልቀቅ» የሚለውን በተለይ አሳምሬ ጻፍኩት።

ከኋላ ወንበር ላይ ሙዎች የሚባል ሰው ነበር። ከጎግ የመጣው የእህቱን ልጅ የትምህርት ማስረጃ ጉዳይ ሊያስፈጽም ሲሆን አዳራሹ የገባው ዝናቡን ለማሳለፍ ነው።

አቶ ልዑልቃል ሌላ ዕጩ ስላጡ እሱን ጠርተው ፊት አቆሙት። «በዚህ ሰው ላይ ቅሬታ ያለው?»

ማንም አያውቀውምና ማንም ቅሬታ አልነበረውም።

«ኧረ እኔ ስለ ውሃ አላውቅም» አለ ሙዎች።

«በሪሁን፣ ትሕትናውን ያዝልን።»

በሙሉ ድምፅ ተሾመ።

ሙዎች ደግ ሰው ነው፣ ምንም አልነካም። ኦጆት ሦስት ጊዜ መጠየቂያ ቢያቀርብለት «ብፈርም ነገ ይነገርብኛል» እያለ መለሰው። በመጋቢት ፓምፑ ቆመ። ከተማው ጀሪካን ይዞ ባሮ ወረደ፣ ባለቤቴ አልማዜም ወረደች። ትንሿ ልጃችን ሆዷን ታመመች። ያን ጊዜ ያቺ የእጅ ጽሑፌ አሳፈረችኝ፤ ኦጆት ቤት ሄጄ ለመንኩት።

«ኦጆት ወንድሜ፣ አንዴ ፍታልን።»

«ሁለት ገጽ የጻፍከው አንተ ነህ» አለኝ። «ዘንድሮ አልነካም።»

በዓመቱ ሙዎች ጥፋት ስላልተገኘበት ወደ ላቀ ኃላፊነት ተዛወረ። ምርጫ ተጠራ፣ ኦጆት ቆመ። ዓመቱን ሙሉ መፍቻ አልያዘም፣ የሰው በቆሎ አልረገጠም፣ ውሃ አልለቀቀም። አንድም እጅ አልወጣም።

«በእውነቱ ተለውጧል» አሉ አቶ ልዑልቃል።

በማግስቱ መጠየቂያውን ይዤ ቢሮው ሮጥኩ። ልጄ ንጹሕ ውሃ የጠጣች ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ኦጆት ወረቀቱን አነበበው፣ እስክሪብቶ አነሳ። ጣቶቹን አየኋቸው፤ የግሪሱ ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር ለቅቋል።

እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠው።

«ብፈርም ነገ ይነገርብኛል» አለኝ።

ወደ ቤቴ ሄጄ ጀሪካኔን አነሳሁ። የትናንቱ ቃለ ጉባኤ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በኦጆት ስም ትይዩ በቆንጆ ጽሑፌ «ጥፋት፦ የለም» ይላል።