ቡሬ የታመመ ጊዜ

ነቀምቴ ውስጥ መክሳት አይቻልም። ቀበቶአችሁን አንድ ቀዳዳ ጠበቅ ካደረጋችሁ፣ ከቤት ወጥታችሁ ባጃጅ እስክታገኙ ድረስ ያያችሁ ሁሉ "ምን ሆናችሁ?" ይላል፤ መንፈሳዊው ደግሞ እዚያው አስፋልት ዳር እጁን ትከሻችሁ ላይ ጭኖ ዓይኑን ይጨፍናል። ፍቅር ነው፣ ጌታ ይባርካቸው። ግን የሚጸለይለት ሰው መታመሙን ቀድሞ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ ጫልቱ ዲጋ ካለች እህቷ መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል ቁራጭ አምጥታ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለው ግቢያችን ከበሩ እስከ ደረጃው ተከለችው። "ቡሬ ነው" አለችኝ። አባቴ ከጎጃም፣ ከቡሬ የመጣ ሰው ነውና፣ የአባቴ አገር ተክል መስሎኝ በሆዴ ኮራሁ።

አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳየው ቅጠሉ ዳር ዳሩ ነጭ፣ መሀሉ ነጠብጣብ ነው። እኔ እዚሁ ጉቶ ጊዳ ገጠር በቆሎ ስኮተኩት ያደግሁ ነኝ፤ በእኛ ማሳ ነጭ የጣለበት ቅጠል በሽተኛ ነው፣ አለቀ። የአገሬ ልጅ በሰው አገር ታሞ ዝም ልበል? ፀሐይ እንዳይመታው ቆርቆሮ አቁሜ ጥላ ሠራሁለት። ጫልቱም "ተባረክ" አለችኝ። የጸሎት ቡድናችን እኛ ቤት ሲመጣ ደግሞ ለመሪያችን ለኦቦ ተርፋሳ ነገርኳቸው። ኦቦ ተርፋሳ ለላምም ለባጃጅ ሞተርም የጸለዩ ሰው ናቸው፤ ቅጠል አይከብዳቸውም። ጫልቱ ጓዳ ሻይ ስታፈላ እኛ ውጭ ተንበርክከን "አሜን" አልን።

ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ። ቅጠሉ ግን ዳነ!

አዲስ የሚወጣው ሁሉ ድፍን አረንጓዴ ሆነ። ኦቦ ተርፋሳ አይተው "ፈዬራ! ተፈውሷል!" ብለው በእልልታ ግቢውን ሞሉት። እኔም እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሜ መሰከርሁ። ሰዉ ሲያጨበጭብ ጫልቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በደስታ መስሎኝ ነበር።

"አባ ሌንሳ!" አለችኝ ቤት እንደገባን፣ በልጃችን ስም ጠርታ፤ "ቀለሙ ምን ነክቶት ጠፋ እያልኩ ስጨነቅ፣ አንተ ነህ ለካ!"

"ታሞ ነበራ!"

"ቡሬ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ፣ የአባቴ አገር…"

"የምን አባትህ አገር? ቡሬ! ዝንጉርጉር! ላሟን፣ ዶሮዋን ቡሬ ሲሉ ሰምተህ አታውቅም? እህቴ ለፋሲካ ልታየው ትመጣለች፤ አንተ ሣር አድርገህ ጠበቅኸኝ! በል ተንበርከክና ነጩን አስመልስልኝ!"

ኦሮምኛዬ ገበያ ላይ አሳፍሮኝ አያውቅም ነበር። ተንበረከክሁ። ግን ምን ተብሎ ይጸለያል? "ጌታ ሆይ፣ ያዳንኸውን መልሰህ አሳምልኝ"? እኔ ቃል ስፈልግ ጫልቱ ቆርቆሮውን ነቅላ ወረወረችው፣ ድፍን አረንጓዴውንም እየቆነጠረች ጣለች።

ቅጠሉ ፀሐይ አገኘ፤ ነጩም ተመለሰ። እህቷ ለፋሲካ መጥታ "ከእኔው በለጠ!" ስትል ጫልቱ በኩራት ደረጃው ላይ አንድ ክንድ ያደገች መሰለኝ። ቤቴ ሰላም ሆነ።

ከዚያ ኦቦ ተርፋሳ በበሩ ብቅ አሉ። ቅጠሉን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣" አሉ በሐዘን፣ "ወደ ኋላ ተመለሰ እኮ! አንተ በጸሎት ቀዝቅዘህ ይሆን?"

አፌን ከፈትሁ። እውነቱን ብናገር ያን ሁሉ ጭብጨባ ልመልስ ነው፤ "እንደገና እንጸልይለት" ብል ጫልቱ ደጃፉ ላይ ቆማ እያየችኝ ነው።

"ቀዝቅዤ ነው" አልሁ።

ኦቦ ተርፋሳ ቅጠሉን ትተው እጃቸውን እኔ ትከሻ ላይ ጫኑ። እስከ ዛሬ እየተጸለየልኝ ነው። ደግሞም፣ ይላሉ፣ ትንሽ ከስቻለሁ።