የጋሼ ደርበው ኦክቴን

በየከተማው አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የራሱ መኪና የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም፤ የሌላውን ሰው መኪና ግን ኮፈን ሳያስከፍት አያሳልፍም። ሞተር ሲነሳ ከሰማ ምሳውን ትቶ ይወጣል። ባጃጅ ቢቆም፣ ሚኒባስ ቢያስል፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ቢያጓራ፣ ከባለቤቱ ቀድሞ ደርሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ የምታገኙት እሱን ነው። እንጅባራ ላይ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ጋሼ ደርበው ናቸው። በዚህ ማዕረግ ከማንም በላይ የምታፍረው ደግሞ ሚስታቸው ሽታዬ ናት።

ብታፍርም አይፈረድባትም። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ይዟት በአምቡላንስ ስትሄድ፣ ጋሼ ደርበው ከጎኗ ተቀምጠው እጇን በመያዝ ፋንታ ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ዳገቱ መሐል ላይ "ቆይ! አቁመው! ድምፁን ልስማው!" ብለው ሾፌሩን አስቆሙት። ሽታዬ ጮኸች። እሳቸው "አንች ዝም በይ፣ ካንዴላ ነው" አሏት።

የአባቷ ለቅሶ ቀንም ያው ነው። አስከሬኑን ያመጣው አይሱዙ ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ አልቃሹ ደረቱን ይመታል። መሐል ላይ ልቅሶው ባንድ ወገን ቀዝቀዝ አለ። ሽታዬ እንባዋን ጠርጋ ብታይ፣ ከአይሱዙው ሥር ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል። ጫማዎቹን ወዲያው አወቀቻቸው፤ ጠዋት የጠረገቻቸው እሷ ነበረች።

ቤንዚንና ናፍጣ እየጠፋ፣ በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ጋሼ ደርበው ከሐኪምነት ወደ ተመራማሪነት አደጉ። "ውጭ አገር ቢሆን ኖሮ" ይላሉ፣ ከባሕር ዳር አልፈው የማያውቁት ሰውዬ፣ "ውጭ አገር ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰልፍ የለም። በጎመንዘር ዘይት ነው የሚነዱት።" ከዚያ የሽታዬን የዓመት የጎመንዘር ዘይት ወስደው ከጎረቤት ወፍጮ ናፍጣ ጋር ቀላቀሉት። እውነቱን ለመናገር ወፍጮው ሠራ። ግን ሰፈሩ በሙሉ በሁዳዴ ጾም ጥብስ ጥብስ እየሸተተው ሰነበተ፤ ሽታዬም ለመነኩሴው ሁሉ ይቅርታ ስትጠይቅ ከረመች።

ሽታዬ በበኩሏ የምትኮራበት አንድ ነገር አላት፤ አረቄዋ። ዳግም ነው፣ ሁለቴ የወጣ፣ ክብሪት ሲያስጠጉት ሰማያዊ እሳት የሚያነሳ። ከዳንግላ የሚመጣ ሰው አለ፣ ከጫግኒ የሚመጣ አለ። "የሽታዬ እጅ ውሃ አያውቅም" ይባልላታል።

እጇ ግን ውሃ ያውቅ ነበር። ከጓዳ፣ ከመደቡ ሥር፣ አንዲት ሌላ ጀሪካን አለች። ደንበኞቿ ሦስተኛውን መለኪያ ከጠጡ በኋላ፣ ምላሳቸው ሲተሳሰርና አራተኛ ሲያዙ፣ ለነዚያ የምትቀዳው ከዚህች ነው። ጥሩውን ለማያጣጥም ሰው ምን ያደርግለታል? ለጤናቸውም ይሻላል። ሽታዬ ለራሷ እንዲህ ትላለች፤ ጀሪካኗን ስታነሳ ግን ሁልጊዜ መጋረጃውን ትስባለች።

እንግዲህ በጥር ወር የጎረቤታቸው ልጅ አስማረ ለወንድሙ ሠርግ ከአዲስ አበባ መጣ። የመጣው በባለ ቱርቦ አውቶሞቢል ነው፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንጅባራ ብዙም አይታው የማታውቀው ዓይነት። የሙሽሮቹ መኪና ሊሆን ነው። ችግሩ፣ መንገድ ላይ የሃይላንድ ቤንዚን ሞልቶ ነበርና ዳገት ላይ ኳ ኳ ኳ ይላል። ጋሼ ደርበው ይህን ድምፅ ከቤታቸው ሆነው ሰሙ። ሽታዬ የምሳውን ትሪ እንደያዘች ቀረች።

"አትንካው! መጀመሪያ ድምፁን ልስማው" አሉ አጥር ሳይሻገሩ።

"ምን ሆኖብኝ ነው፣ ጋሼ?" አለ አስማረ፤ አዲስ አበባ ኖሮ የጋሼን ነገር አያውቅም፣ ምስኪን።

"ቱርቦ ማለት አየሩን ጨፍልቆ እያጎረሰ ነው ልጄ። ሞተሩ አፉን ሞልቶ ነው የሚጎርሰው። ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በራሱ ጊዜ ቀድሞ ይፈነዳል። ኳ ኳ የሚልህ እሱ ነው። ኦክቴን አንሶታል፤ ቀድሞ እንዳይፈነዳ የሚያደርገው አቅም ማለት ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል? ነገ ሠርግ ነው።"

"አልኮል። አልኮል ኦክቴን ከፍ ያደርጋል። ውጭ አገር ሰዉ ሁሉ ቀላቅሎ ነው የሚነዳ። እኛ ደግሞ ከማንም የተሻለ አልኮል ቤታችን አለ።" ወደ ግቢው ዞሩ። "አንች ሽታዬ! አንድ ጀሪካን ዳግም አምጭ!"

ሽታዬ ደሟ ፈላ። ስንት ሌሊት እሳት ሥር የተቀመጠችበትን አረቄ መኪና ሊጠጣው? ደግሞስ በሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ትታዘዛለች? ጓዳ ገባች። ጥሩውን ጀሪካን አየችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከመደቡ ሥር ያለችውን አነሳች። መኪና ምን ያጣጥማል ብላ ነው። ጋሼ ደርበውም አረቄውን ሳይቀምሱ ነዳጁ ላይ ገለበጡት።

በማግስቱ ሙሽሪትን ከአዲስ ቅዳም ተቀብለው ሲመለሱ ሠርገኛው ረጅም ነበር። ከፊት ፈረሰኞች፣ ከዚያ ነጩ አውቶሞቢል፣ ከዚያ ሚኒባሶች። ሽታዬ ከመጀመሪያው ሚኒባስ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ጋሼ ደርበው ከሙሽሮቹ ጋር፣ ከሾፌሩ ጎን ናቸው፤ ማን እንዳስገባቸው አይታወቅም። መኪናው ሲወጣም ሲመለስም ደህና ነበር። ከሰል ከተከመረበት መታጠፊያ አለፍ እንዳለ ግን፣ ዳገቱ ላይ፣ ተንተፋተፈ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ሚዜዎቹ በሱፍ ልብሳቸው ገፉ። አልተነሳም።

"ከሰል እንጨምርበት እንዴ?" አለ ከመንገድ ዳር አንድ ከሰል ሻጭ። ሙሽሪት ከመኪና ወርዳ ቆመች፤ ቬሏ በንፋስ ይመታል።

ከሠርገኛው መሐል ነጋ የሚባል መካኒክ ነበር። ኮቱን አውልቆ መኪናው ሥር ገባና ከነዳጁ በሃይላንድ ቀድቶ ወጣ። ጠርሙሱን ሰው ሁሉ አየው። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ጥርት ያለ። ነጋ ከታችኛው ጠብ አድርጎ ቀመሰና ምራቁን ተፋ።

"ውሃ ነው" አለ። "አረቄ ውስጥ መቼም ትንሽ ውሃ አይጠፋም። ይሄ ግን ትንሽ አይደለም። የቧንቧ ውሃ ነው።"

"የማን አረቄ ነው የገባው?" አለ አንድ ፈረሰኛ ከፈረሱ ሳይወርድ።

አስማረ አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። አንድ በአንድ የሰዉ ፊት ሁሉ ወደ ሚኒባሱ ዞረ። የዳንግላው ደንበኛዋም፣ የጫግኒውም እዚያው ነበሩ። ሽታዬ ፊቷ ነደደ፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። በምድር ላይ መግቢያ ጠፋት። እስከዛሬ በባሏ ያፈረችው ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም ነበር። ያ ሁሉ የሳቸው ነበር፤ ይሄኛው የራሷ ነው።

ጋሼ ደርበው ጠርሙሱን ከነጋ እጅ ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱት። ጥቂት አዩት። ከዚያ ሚኒባሱን አዩ፤ ሽታዬን አዩ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሽታዬ እንደገባቸው አወቀች። ጠርሙሱን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉ።

"ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ!" አሉ በዚያ ጎላ ባለ የአዋቂ ድምፃቸው።

"ምን አሉ?" አለ ነጋ።

"ቱርቦ ይግላል! የጋለ ሞተር ውስጥ ውሃ ሲረጭ ይቀዘቅዛል፣ ኳኳታውም ይጠፋል። ድሮ የጦር አውሮፕላኖች እንዲህ ነበር የሚበሩት። አረቄው እሳት ነው፤ ብቻውን ከባድ ነው ብዬ በረዝኩት። ልኩን ስቻለሁ።"

ከዚያ ዳገቱ በሳቅ ተናወጠ። "እኔም ለፈረሴ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ግን በጥም ጊዜ ነው!" አለ ፈረሰኛው። ሌላው በአገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ አገውኛ የሚሰማው ሳቀ፣ የማይሰማውም አብሮ ሳቀ። "ያንን የመሰለ አረቄ አበላሸባት" አለች ከሽታዬ ጎን የተቀመጠች ሴት፣ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች። ሽታዬ ነጠላዋን ይበልጥ ሳበች። ሙሽሮቹ በባጃጅ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ደርበው ሲመጡ ባለመኪናው ኮፈኑን ቶሎ ይዘጋል። "ጋሼ፣ ውሃ ይዘው ነው?" ይላቸዋል። ሞተር ሲነሳ ከበራቸው ይወጣሉ፣ ትንሽ ያዳምጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ምሳቸውን አሁን እስከ መጨረሻው ይበላሉ። ሽታዬ ድሮ ይህን ለማየት ስንት ተስላ ነበር! አሁን ግን ትሪው ፊት አቀርቅረው ሲጎርሱ ስታያቸው እሷ ምግብ አይወርድላትም። የአረቄ ደንበኛዋ እንደሆነ በዝቷል። ከመደቡ ሥር ያለችውን ጀሪካን ጓሮ ደፍታታለች፤ እፍረቱ ግን አብሮ አልፈሰሰም።

በገበያ ቀን ቤቷ ሞልቶ፣ ነጋም መካኒኩ ተቀምጦ፣ አንዱ ያንን የውሃ ነገር አነሳ። ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ደርበው በሩ አጠገብ ሆነው አብረው ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ ሽታዬን አቃጠለቻት። የያዘችውን ጠርሙስ አስቀመጠች።

"ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አለች። "እሱ ምንም አያውቅም። የበረዝኩት እኔ ነኝ።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሼ ደርበው ዞረ።

"አትስሟት" አሉ ጋሼ ደርበው ሳይቸኩሉ። "ለኔ ብላ ነው።"

"እንዲህ ያለች ሚስት ይስጠን!" አለ ነጋ መለኪያውን አንስቶ። ሌሎቹም አነሱ። አንዱ ዓይኑን ጠረገ። ሽታዬ ብትምል ብትገዘትም የሚያምናት አላገኘችም፤ በዚያ ቀን አረቄው እስኪያልቅ ተጠጣ።

ሰዉ ከወጣ በኋላ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ደርበው መለኪያዎቹን ይሰበስባሉ።

"ለምን አልተውከኝም?" አለች። "እውነቱን ነው የነገርኳቸው እኮ።"

"እኔን ድሮም የሚያምነኝ የለም" አሉ፣ መለኪያ እያለቀለቁ። "አንችን ግን በአረቄሽ ያምኑሻል።"

ሽታዬ አንገቷን ደፋች። ስንት ዓመት አብራቸው ስትኖር፣ ከአፋቸው የሚወጣውን አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም። ይህንን ስታስብ ከዚያ ዳገት የባሰ አፈረች። ሌላ ዱካ ስባ ከጎኗ አስጠጋች።

"እስቲ የአውሮፕላኑን ነገር ንገረኝ" አለች። "ውሃው በየት ነው የሚገባለት?"

ጋሼ ደርበው ሌላ ሰው የጠየቀች መስሏቸው ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም።